ስፌቱ የት ጋ ይሁን? ስለ ጣሪያ ጥገና ለሚዞረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጣሪያ ጥገና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። መጀመሪያ የላከችው የባለቤቴ እህት ናት። አዳማ፣ ደካ አዲ ሰፈር ያለው ቤቷ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያፈሳል። ከጽሑፉ ሥር «አየህ? አንተ ነህ ያካበድከው» የሚል አክላበታለች። ስምንት ቆርቆሮ ልትገዛ ብሩን አዘጋጅታ ነበር። ስለዚህ ይህ ምላሽ ግማሹ ለጸሐፊው፣ ግማሹ ለእሷ ነው።

መሐንዲስ አይደለሁም። አባቴ እዚሁ አዳማ አናጢ ነበር። ልጅ ሆኜ ክብደቴ ቀላል ስለነበር ጣሪያ ላይ የምላከው እኔ ነበርኩ። ዛሬ እንጀራዬ ሌላ ነው። ቆርቆሮ አልሸጥም፣ ቤትም አላሠራም። ይህን የምለው «የራሱ ጥቅም ኖሮት ነው» እንዳልባል ነው።

ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጣሪያ አፈሰሰ ተብሎ ሁሉንም መቀየር ብክነት ነው ይላል። የተበላሹትን ቆርቆሮዎች ብቻ እያወጡ በቦታቸው አዲስ መተካት ይበቃል። ዋናው ችግር የቀለም ልዩነቱ ነው፤ እሱንም ፀሐይ በአንድ ዓመት ታስተካክለዋለች፣ የቸኮለ ደግሞ ቀለም ይቀባዋል። ቆርቆሮ ሁሉ ያው ቆርቆሮ ነው፣ ርዝመቱን ለክቶ መግዛት ነው። አዲሱን ከላይ ደርቦ በአሮጌው የሚስማር ቀዳዳ መምታት፣ ጠርዙን ሬንጅ መቀባት። ማስረጃው ደግሞ አሜሪካኖች ናቸው፤ ሺንግል የሚሉትን የጣሪያ ክዳናቸውን በዚህ መንገድ እየጠጋገኑ ለብዙ ዓመት ይኖሩበታል። ጽሑፉ ይኸው ነው።

የምስማማበትን ላስቀድም። «ሁሉንም አንሱት» የሚል ሠራተኛ ሁሉ ለጣሪያው አዝኖ አይደለም። አሮጌው ቆርቆሮ ሲወርድ ማን ይወስደዋል? ደህና ደህናው ለሌላ ሰው ሥራ ይሄዳል፣ የዛገውን ቆራሌው ይገዛዋል፣ ባለቤቱ ግቢው ሲጸዳለት አመስግኖ ይሸኛል። ጸሐፊው ይህን ደፍረው መጻፋቸው ደስ ብሎኛል። ጣሪያ ላይ ሞራሌው፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ ያለበትን መስመር እየረገጡ ይሂዱ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አይውጡ ያሉትም ልክ ነው። አዲስና አሮጌ ቆርቆሮ አንድ ጣሪያ ላይ አብረው መኖር ይችላሉ የሚለውንም እቀበላለሁ። ጠባችን የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ከአሜሪካው ምሳሌ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ሺንግል ቆርቆሮ አይደለም። ከመስታወት ክር የተሠራ ስስ ምንጣፍ አስፋልት ጠጥቶ፣ በላዩ የድንጋይ ቅንጣት ተነስንሶበት የሚሠራ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቁራጭ ነው። እንደ ዓሣ ቅርፊት ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይመታል። ከሥሩ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። በዚያም ላይ ውሃ የሚመልስ ወረቀት አለ። አንዱ ሺንግል ሲበላሽ ከበላዩ ያለውን ቀስ አድርገው ያነሱታል፣ ሚስማሩን ይነቅላሉ፣ አዲሱን ከሥር ያንሸራትቱታል። ሺንግሉ ላይ ያለው የሙጫ መስመር በፀሐይ ሙቀት ራሱ ይጣበቃል። ጥቂት ውሃ ቢያመልጥ እንኳ ወረቀቱ አለ።

የእኛ ቆርቆሮ ሥር ምን አለ? ሞራሌ፣ ከዚያ ባዶ አየር፣ ከዚያ ኮርኒስ፣ ከዚያ አልጋችን።

ደግሞም እዚያው አሜሪካ ያሉ ጠጋኞች ከቀለሙ በፊት የሚያዩት ልኩን ነው። በኢንች ልክ የተሠራው የድሮው ሺንግል በየረድፉ 12.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታያል። በሜትር ልክ የተሠራው 14.3 ያህል። ልዩነቱ አንድ ጣት የሚያህል ነው፤ ግን ሁለቱን ሳያስተውል ያቀላቀለ ሰው ረድፉ ይዛነፍበታል። ቀለሙን በተመለከተ የሚሠሩት ዘዴ ደግሞ ግሩም ነው። ፀሐይን ቁጭ ብለው ከመጠበቅ ከቤቱ ጀርባ ያረጀ ሺንግል ነቅለው ፊት ለፊት ይመቱታል፣ አዲሱን ማንም በማያየው ጀርባ ያደርጉታል። ጸሐፊው የሺንግልን ነገር ካነሱ አይቀር ይህን ቢያነሱልን ኖሮ ምላሼ በግማሽ ባጠረ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የፀሐይዋን ነገር በአጭሩ። ቀለም ያልተቀባ ዚንክ ቆርቆሮ ከሆነ አብረቅራቂነቱ ከጊዜ በኋላ ይጠፋል፣ ግራጫ ይሆናል። እዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ጎረቤቱ የዛገ ከሆነ ግን ግራጫና ቡናማ በአንድ ዓመት አይመሳሰሉም። ፋብሪካ ቀብቶ የሚሸጠው፣ ኢጋ የምንለው ደግሞ አዲሱም ይደበዝዛል፣ አሮጌውም መደብዘዙን አያቆምም። ታናሽ ታላቁን በዕድሜ ደርሶበት አያውቅም። ለእኔ ለራሴ ቀለሙ ግድ አይሰጠኝም። ዥንጉርጉር ሆኖ አንድ ጠብታ የማያስገባ ጣሪያ አይቻለሁ። አንድ ዓይነት ቀለም ሆኖ ከሥሩ አራት ባልዲ የተደረደረለትም አይቻለሁ።

«ቆርቆሮ ያው ቆርቆሮ ነው» የሚለው ግን ገንዘብ የሚያስበላ ምክር ነው።

መጀመሪያ ውፍረቱ። ሱቅ ስትሄዱ ባለ 28፣ ባለ 30፣ ባለ 32፣ ባለ 35 ጌጅ ይሏችኋል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቆርቆሮው ይሳሳል። ይህን የማያውቅ ሰው «35 ከ28 ይበልጣል» ብሎ ስሱን ገዝቶ ደስ ብሎት ይገባል። ድሮ በወፍራም ቆርቆሮ የተከደነ ቤት መሀል ስሱን ብትከቱበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው እግሩ የሚጎደጉደው እሱ ላይ ነው። ከተጎደጎደ ውሃ ያቁራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዝገቱ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ሞገዱ ነው። የተለመደው ክብ ሞገድ ከአንዱ ጉብታ እስከ ሌላው 76 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ግን ይህን አይጠብቅም፤ ጥልቀቱም ይለያያል። ሁለት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በአንድ ጉብታ ምንም አያደርግም። በአሥር ጉብታ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ የአዲሱ ጉብታ ከአሮጌው ጉብታ ላይ መቀመጡ ይቀርና ወደ ቦዩ ይንሸራተታል። አናጢው በመዶሻ እየደበደበ «ይገባል፣ ይገባል» ይላል። አይገባም።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ የካርቶን ቁራጭ ነው። መሰላል ላይ ወጥታችሁ ካርቶኑን ከአሸንዳው በላይ ከቆርቆሮው ጫፍ ጋር ታቆሙታላችሁ። ሞገዱን በእርሳስ ተከትላችሁ ትሥላላችሁ፣ በመቀስ ትቆርጡታላችሁ። ያንን ይዛችሁ ሱቅ ትሄዳላችሁ። አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር ፍራንኮ አካባቢ እንዲህ ስናደርግ ባለ ሱቁ ሳቀብን። ካርቶኑን አዲሱ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉብታዎች ልክ ገጠሙ። አምስተኛው ላይ ብርሃን ታየ። ስምንተኛው ላይ አውራ ጣቴ ሾለከ። ባለ ሱቁ መሳቁን ትቶ ከጓሮ ሌላ ዓይነት አወጣልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ «አዲሱን ከላይ ደርቦ» ወደሚለው።

ውሃ ከአናት ወደ አሸንዳ ይወርዳል። ስለዚህ የላይኛው ቆርቆሮ ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይተኛል። ይህን ልጅም ያውቃል። እንግዲህ ጣሪያው መሀል አንድ ቆርቆሮ ዛገ እንበል። አዲሱ ሲገባ የታችኛው ጫፉ ከሱ በታች ካለው አሮጌ ላይ መውጣት አለበት። የላይኛው ጫፉ ደግሞ ከሱ በላይ ካለው አሮጌ ሥር መግባት አለበት። ጸሐፊው እንዳሉት ዙሪያውን ከላይ ከደረባችሁት፣ የላይኛው ጫፍ ለውሃው በር ሆነ ማለት ነው። ከአናት የሚወርደው ውሃ ቀጥ ብሎ ይገባበታል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የራሴን ሰርቪስ ቤት ጣሪያ በዚሁ መንገድ ጠግኜ ነበር። ሁለት አዲስ ቆርቆሮ ተዳፋቱ መሀል ላይ፣ ዙሪያውን ተደርቦ፣ ሬንጁ እንደ ቂቤ ተለቅልቆ። የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ መጣ። ከጠገንኩት ቦታ ሥር ቆሜ ቀና አልኩ፣ ደረቅ ነው። እንዴት ያለ ባለሙያ ነኝ አልኩ። ከጀርባዬ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ውሃው በላይኛው ጫፍ ገብቶ፣ ሞራሌውን ተከትሎ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሄዶ፣ ከተከራዩ ቁም ሣጥን በላይ ነው የሚወርደው። ጣሪያ እንዲህ ነው፤ የሚያንጠባጥበው አንድ ቦታ፣ የተቀደደው ሌላ ቦታ።

«እሺ፣ ከላይኛው ሥር ላስገባው» ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል። የላይኛውን ረድፍ ሚስማር መንቀል አለበት። ለብዙ ዓመት የቆየ ቆርቆሮ የሚሰነጠቀው የሚስማሩ ቀዳዳ ጋ ነው። አንዱን ለማዳን ቀና ስታደርጉት ሌላው ይቀደዳል። ጉጠት ይዞ ጣሪያ ላይ የዋለ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

መደረቡም ልክ አለው። ላይና ታች ሲገናኙ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ተዳፋቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ከ20 በላይ። በጎን ደግሞ አንድ ጉብታ ተኩል፣ ቢቻል ሁለት። «ትንሽ ይደረብ» ማለት ልክ አይደለም።

ነፋሱንስ? ጽሑፉ ስለ ነፋስ አንዲት ቃል የለችውም። ለሌላ ከተማ ተጽፎ ቢሆን አልፈው ነበር። አዳማ ግን ከበላይዋ ያሉት ኮረብታዎች ላይ በሁለት ዙር 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ማማዎች የተተከሉባት ከተማ ናት። እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። በየሰፈሩ ጣሪያ ላይ የተቆለለውን ድንጋይና አሮጌ ጎማ ማየት ይበቃል። ነፋስ ቆርቆሮን ከላይ ተጭኖ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ወደ ላይ መጥጦ ያነሳዋል። ጣቱን የሚያስገባው ደግሞ ክፍት ጠርዝ ያገኘበት ነው። ስለዚህ በጎን ስትደርቡ ክፍቱ ጠርዝ ዝናቡን የሚገፋው ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ መዞር አለበት። ሥራውም ነፋሱ ከሚሄድበት ጫፍ ተጀምሮ ወደሚመጣበት ይሄዳል። መሀል ላይ በአራቱም በኩል የተለጠፈ ቆርቆሮ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ክፍት ጠርዝ አያጣም።

የሚስማሩ ቀዳዳ። ቀን ላይ መብራት አጥፍታችሁ በኮርኒሱ በር ጭንቅላታችሁን አውጡ። ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ ኮከብ ታያላችሁ። እነዚያ ከዋክብት ሚስማር የላላባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። ሚስማሩ ለምን ላላ? ብረት በፀሐይ ይረዝማል፣ ማታ ያጥራል። 6 ሜትር የሚረዝም ቆርቆሮ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። በየቀኑ። የዛገው ጠቆር ስላለ ከሚያብረቀርቀው አዲስ ይበልጥ ይግላል፤ ስለዚህ ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም፣ መሀላቸው ያለውን ሚስማር ወዲያና ወዲህ ይጎትቱታል። በዚያ ላይ እንጨቱም ቀዳዳው ሰፍቶበታል። በዚያው ቀዳዳ አዲስ ሚስማር መምታት ጥርሱ የወለቀ ድድ ውስጥ ሌላ ጥርስ ማቆም ነው። ፈቀቅ ተደርጎ ጤነኛ እንጨት ላይ፣ ከነጎማው፣ ጉብታው ላይ ይመታል። ቦዩ ውስጥ በፍጹም፤ ውሃው የሚሄደው እዚያ ነው።

ሬንጁ ትኩስ ሳለ ጥሩ ነው። የአዳማ ፀሐይ አድርቃ ስትሰነጥቀው ግን ስንጥቁ ውሃ ይይዛል። ለአንድ ክረምት ማሳለፊያ ነው ቢሉን ኖሮ አልቃወምም ነበር።

አንድ ያልተነሳ ነገር ልጨምር። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ያለው ዚንክ የተፈጠረው ብረቱን ለማዳን ራሱን እንዲሠዋ ነው። ከዛገ ቆርቆሮ ጋር ተደርቦ መሀላቸው እርጥበት ሲቋጥር፣ አዲሱ ዚንክ የራሱን ትቶ ለጎረቤቱም መሠዋት ይጀምራል። ቶሎ ያልቃል። ከላይ ካለው የዛገ ቆርቆሮ የሚወርደው ቀይ ውሃም አዲሱን ያበላሸዋል። «ገና በሁለት ዓመቱ ዛገ፣ የዘንድሮ ቆርቆሮ ውሸት ነው» ሲባል እሰማለሁ። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የጎረቤቱ ነው።

ቀለም ቀቡት ለሚለው፦ አሮጌውን ፍቆ አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት የሚከላከል ቀለም፣ መቀባት ጥሩ ነው፣ ዕድሜ ይጨምራል። አዲስ ዚንክ ላይ ግን የዘይት ቀለም በቀጥታ አይይዝም። ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጥርና ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል። ለዚንክ የተሠራ የመጀመሪያ ቀለም ያስፈልገዋል።

የወጪውን ነገር ጸሐፊው በቆርቆሮ ብዛት ብቻ አስልተውታል። ሁለተኛ ዙር የሠራተኛ አበል፣ የረጠበ ኮርኒስ፣ ውሃ የነካው የመብራት ሽቦ ሂሳቡ ውስጥ የሉም። የእኔ ተከራይ ቁም ሣጥንም የለም።

እንግዲህ የባለቤቴን እህት ምን አልኳት? ስምንቱን ቆርቆሮ ግዢ ነው ያልኳት። ስምንቱ ይበቃል። ስምንቱን በስምንት ቦታ መበተን ግን አይሆንም። የዛጉት ፊት ለፊት ባለው ተዳፋት ላይ እዚህም እዚያም ናቸው። የቤቱ ጀርባ ከሞላ ጎደል ደህና ነው። ስለዚህ ከጀርባው አንድ ዳር ስምንት ደህና አሮጌ ቆርቆሮ እናወርዳለን። እነሱ በፊቱ የዛጉት ቦታ ይገባሉ። የአንድ ቤት፣ የአንድ ጊዜ ቆርቆሮ ናቸው፤ ሞገዳቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ቀለማቸውም አንድ። ቀዳዳቸው እንኳ ከሞራሌው ርቀት ጋር ይስማማል፤ የሰፋው ሰፊ ጎማ ይደረግለታል። የተሰነጠቀ ካለ አይመለስም፤ ያን ጊዜ አንድ ሁለት ተጨማሪ ይወርዳል፣ በቦታውም ከስምንቱ ሌላ ያንኑ ያህል አዲስ ይገዛል። የሺንግሎቹ ሰዎች ዘዴ ይኼው ነው።

አዲሶቹ ስምንቱ ደግሞ በጀርባው ዳር በአንድነት ይመታሉ። በእሷ ቤት ከአናት እስከ አሸንዳ ሁለት ቆርቆሮ ስለሚደርስ አራት ሙሉ መስመር ይሆናሉ። የላይኛው ጫፋቸው ከአናቱ ክዳን ሥር ይገባል። ከበላያቸው ቀይ ውሃ የሚያወርድባቸው የለም። አዲሱ ከአሮጌው የሚገናኝበት አንድ ስፌት ብቻ ይቀራል፤ እሱም ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የጎን ስፌት ነው። ውሃ ጉብታ አይሻገርም፤ በቦዩ ይወርዳል። ላይና ታች ቢገናኙ አሥሩም ጉብታ መግጠም ነበረበት፤ በጎን ግን ሁለቱ ከገጠሙ በቂ ነው።

የጨመረው ጉልበት ነው። አንድ ቀን ያልቅ የነበረው ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ሞራሌው በምስጥ የተበላ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የእኔም የጸሐፊውም ምክር አይሠራም፤ ሚስማር የሚይዝ እንጨት ሲኖር ነው ስለ ቆርቆሮ የሚወራው።

ቅዳሜ እንጀምራለን። ጸሐፊው አዳማ የሚኖሩ ከሆነ ደካ አዲ ብቅ ይበሉ፣ ቡና አለ፣ ጣሪያው ላይ ቆመን እንከራከራለን። የባለቤቴ እህት እስካሁን «ልክ ነህ» አላለችኝም። ቆርቆሮውንም አልገዛችም። ትናንት ማታ ግን የካርቶኗን ፎቶ ላከችልኝ። ሞገዱን በመቀስ አሳምራ ቆርጣዋለች።